ፕላስ ጎማ ሃርድቴይል ላይ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ሳይክል እንነዳለን። ሳይክሌን ከመኪና ላይ ሳወርድ ያየ ሰው ሁሉ ጎማውን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ "ይሄ ነገር ተንፍሷል እንዴ?" ይለኛል። አልተነፈሰም። እንደዚያ ነው የሚነዳው። አዲስ አበባ ሆነው እንጦጦ የሚወጡ ልጆችም ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ ስለዚህ ለሁሉም አንዴ ልመልስ ብዬ ነው። መካኒክ አይደለሁም። ስድስት ዓመት በነዚህ ጎማዎች ነድቻለሁ፣ አንድ ቸርኬ አጣምሜያለሁ፣ ሁለት ጎማ ቀድጃለሁ። የማውቀው ከዚያ የመጣ ነው።

ፕላስ ጎማ ምንድን ነው? ፋት ባይክ የሚባለው ነው?

አይደለም። ተራው የማውንቴን ሳይክል ጎማ ወርዱ ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች አካባቢ ነው። በረዶና አሸዋ ላይ የሚነዳው ፋት ባይክ ከ3.8 ይጀምርና እስከ 5 ኢንች ይሄዳል። ፕላስ በሁለቱ መሃል ነው፤ 2.8 ወይም 3.0። ጎማው ጎን ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። ትልቁ ቁጥር (27.5 ወይም 29) የትኛው ቸርኬ ላይ እንደሚገባ ይናገራል፣ ትንሹ ደግሞ ወርዱን።

ነገሩን ያስጀመረው ሰርሊ የሚባል የሚኒሶታ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ክራምፐስ የሚባል የብረት ሳይክል 29 በ3.0 ጎማ ገጥሞለት አወጣ። ያ ሳይክል ከፊትም ከኋላም ሞላ አልነበረውም፤ ሞላው ጎማው ራሱ ነበር ማለት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደብሊው ቲ ቢ የሚባለው ጎማ አምራች 27.5 በ2.8 ጎማ ይዞ መጣ። ከዚያ ሁሉም ተከተለ፦ ስፔሻላይዝድ ፊውዝን፣ ትሬክ ስታሽንና ሮስኮን፣ ሳልሳ ቲምበርጃክን። ዛሬ ያገለገለ ፕላስ ሃርድቴይል ስትፈልጉ ደጋግማችሁ የምታዩዋቸው ስሞች እነዚህ ናቸው።

ሃርድቴይል ላይ ለምን ይመከራል?

ሃርድቴይል ከፊት ሞላ ያለው፣ ከኋላ ደረቅ የሆነ ሳይክል ነው። ደረቅ ስል ደረቅ ነው። የኋላው ጎማ ድንጋይ በመታ ቁጥር ምቱ በኮርቻው በኩል ቀጥ ብሎ ወገብ ላይ ይወጣል። ወፍራም ጎማ ንፋሱ ሲቀነስለት ትንንሹን ድንጋይና የዛፍ ስር ዋጥ ያደርገዋል። አርባን አልፌያለሁ፤ የዚህን ጥቅም ከኔ ይልቅ ወገቤ ቢያስረዳችሁ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥቅም መሬት መቆንጠጡ ነው። ለስላሳ ጎማ መሬቱ ላይ ሰፋ ብሎ ይተኛል፣ ድንጋዩንም አቅፎት ያልፋል። ይሄ በደንብ የሚታያችሁ ዳገት ላይ ነው። ድሮ ልቅ ድንጋይ ያለበት ዳገት ላይ ስደርስ የኋላው ጎማ ይሽከረከርና እግሬን አወርድ ነበር። አሁን ኮርቻው ላይ ተቀምጬ ማርሹን አቅልዬ ዝም ብዬ እረግጣለሁ። ይወጣል። አዝጋሚ ነው፣ ግን ይወጣል።

ታዲያ የኋላ ሞላ ያለውን ሳይክል ይተካልኛል?

አይተካም። የሻጮችን ወሬ አትስሙ። ሞላ ያለው ሳይክል አሞርዛተር አለው፤ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ ተስፈንጥሮ እንዳይመለስ አሞርዛተሩ ይይዘዋል። ጎማ ውስጥ ግን አየር ብቻ ነው ያለው። የተጨመቀውን ያህል መልሶ ይገፋል። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ይሄ አይሰማችሁም። ፈጥናችሁ በድንጋይ ላይ ስትወርዱ ግን ሳይክሉ መንጠር ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ የሚይዘው የለም። ፍጥነት የምትወዱ ከሆነ ይሄንን ከወዲሁ እወቁት።

የኔ ሳይክል ላይ ይገባል?

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ስንት ሰው ጎማ ገዝቶ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው ፍሬሙ አልቀበልም ያለው።

መጀመሪያ የኋላውን እዩ። ጎማው በሁለቱ የፍሬም ዘንጎች መሃል ያልፋል፤ አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ በግራም በቀኝም ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት መትረፍ አለበት። ጣት የሚያስገባ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቸርኬ ሁሌ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይዞርም፣ ጭቃም አለ። ጥርሶቹ ፍሬሙን መፋቅ ከጀመሩ አሉሚኒየሙን እንደ ሞረድ ይበሉታል፤ ካርቦን ከሆነማ አይወራም።

ቀጥሎ የፊቱን ሞላ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ሳይክሉ ቆሞ ስታዩት ክፍተቱ በቂ ይመስላል፣ ግን ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ጎማው ወደ ላይኛው መገጣጠሚያ ይጠጋል። ስለዚህ የሞላውን አየር ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ መሪውን በደረታችሁ ተጭናችሁ እስከ መጨረሻው አውርዱት፣ ከዚያ ጎማው የሚነካ ነገር እንዳለ እዩ። ከነካ አትንዱት። ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ድንገት ቢቆም በመሪው ላይ ዘላችሁ ነው የምትሄዱት።

ሦስተኛው ቸርኬው ነው። ወፍራም ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ስትጭኑት እንደ አምፖል ያብጥና ኩርባ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ለ2.8 ጎማ የቸርኬው የውስጥ ወርድ ከ35 እስከ 40 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። 30ም ይሠራል፣ ግን ንፋሱን እንደ ልብ መቀነስ አትችሉም። ድሮ የተሠሩት 20 እና 21 ሚሊሜትር ቸርኬዎች ላይ አትሞክሩት።

ሳይክላችሁ ባለ 29 ከሆነ አንድ መላ አለ። 27.5 በ2.8 ጎማ ቁመቱ ከተራ 29 ጎማ ትንሽ ብቻ ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ብዙ ባለ 29 ፍሬሞች፣ በተለይ ቡስት የሚባለው ሰፋ ያለ ሀብ (የቸርኬው መሃል) ያላቸው (ከፊት 110፣ ከኋላ 148 ሚሊሜትር)፣ 27.5 ፕላስ ቸርኬ ይቀበላሉ። ጣጣው ፔዳሉ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ወደ መሬት መውረዱ ነው። ትንሽ ይመስላል። ድንጋይ በበዛበት መንገድ ግን ፔዳላችሁ በየደቂቃው ቋ ሲል ትሰሙታላችሁ።

የድሮ ባለ 26 ሳይክል ያላችሁ ደግሞ፣ ይቅርታ፣ በሱ ላይ እርሱት። የሚገባውን ያህል ሰፊ ተራ ጎማ ግዙና ንፋሱን ትንሽ ቀንሱ፤ ብዙ ለውጥ ታያላችሁ።

ስንት ንፋስ ልሙላ?

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ፕላስን የወደደም የጠላም ሰው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሞላው ንፋስ ነው።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ጎማዬ ጎን ላይ "ከፍተኛው 30 ፒኤስአይ" ይላል (ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)። እኔ 30ውን እንጂ "ከፍተኛው" የሚለውን አላየሁትም። ሠላሳ ሞልቼ ፋውንቴንሄድ ፓርክ ገባሁ። እዚያ የዛፍ ስር እንደ ደረጃ የተደረደረበት ቁልቁለት አለ። ሳይክሉ ከአንዱ ስር ወደ ሌላው እንደ ኳስ እየነጠረ ወሰደኝ ወሰደኝና ቁጥቋጦ ውስጥ ጣለኝ። ተነስቼ ልብሴን ሳራግፍ ነጭ ጺም ያላቸው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ከኋላዬ ደረሱ። ደህና መሆኔን ጠየቁኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ጎማዬን በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡት፣ ሳቁ፣ ቫልቩን ከፈቱና ፍስስስስ አደረጉት። ልቤ ቆመ። ከዚህ በኋላ በእግሬ ነው የምመለሰው ብዬ ነበር። ሁለቱንም ጎማ እየቆነጠጡ አስተነፈሱና "አሁን ሂድ" ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቁልቁለቱን በእግሬ ተመልሼ ወጥቼ እንደገና ወረድኩት። የሰው ሳይክል የነዳሁ ነው የመሰለኝ። ቤት ገብቼ ስለካው 15 ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጎማ በሰፋ ቁጥር አየሩ የሚገፋው ግድግዳ ይሰፋል፤ ስለዚህ በእኩል ፒኤስአይ ሰፊው ጎማ ከጠባቡ ይልቅ ይወጠራል። 25 ፒኤስአይ 2.3 ጎማ ላይ ደህና ልስላሴ ነው። 2.8 ላይ ድንጋይ ይሆናል። በዚያ ላይ 2.8 ጎማ የሚይዘው አየር ከ2.3 ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ዝቅ ባለ ንፋስም ቢሆን ቸርኬውን ከድንጋይ ማዳን ይችላል።

ቁጥር ካላችሁ፣ ቲዩብለስ (የውስጥ ጎማ የሌለው) ለሆነ 2.8 ጎማ እኔ ለጓደኞቼ የምሰጠው መነሻ ይሄ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከፊት 12፣ ከኋላ 14። 75 ኪሎ ከፊት 14፣ ከኋላ 16። 90 ኪሎ ከፊት 17፣ ከኋላ 19። ከመነዳሪ (የውስጡ ጎማ ማለቴ ነው) ካለው በሁሉም ላይ 3 ወይም 4 ጨምሩ። 3.0 ከሆነ ከሁሉም ላይ 1 መቀነስ ትችላላችሁ።

መነሻ ነው ያልኩት፣ መድረሻ አይደለም። አንድ አጭር መንገድ ምረጡ፤ ትንሽ ድንጋይ፣ አንድ ሹል ኩርባ ያለው። ደጋግማችሁ ንዱት። ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ቋ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ 2 ጨምሩ። ኩርባ ላይ ጎማው ከሥራችሁ የታጠፈ ወይም መሪው በራሱ የዞረ ከመሰላችሁ 1 ጨምሩ። የሚያነጥራችሁ ከሆነ 1 ቀንሱ። እዚህ ደረጃ ላይ 1 ፒኤስአይ በደንብ ይሰማል፤ መኪና ጎማ ላይ ማንም የማይቆጥራት አንዷ ፒኤስአይ እዚህ ሌላ ሳይክል ታደርገዋለች።

በፓምፔ ላይ ያለው መለኪያ አይበቃም?

አይበቃም። የቤት ፓምፕ መለኪያ ብዙውን ጊዜ እስከ 160 ፒኤስአይ የሚቆጥር ነው። 14 እና 17 እዚያ ላይ የፀጉር ያህል ነው ልዩነታቸው። ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ግዙ፣ እስከ 30 ወይም 40 ድረስ የሚለካ ቢሆን ይመረጣል። ሁሌ በዚያው ለኩ። ትንሽ ቢዋሽ እንኳ ሁሌ አንድ ዓይነት ውሸት ስለሚዋሽ ችግር የለውም።

ቤት ውስጥ ሞልቼው ጫካ ስደርስ ይቀንሳል፤ ያፈሳል ማለት ነው?

ላያፈስ ይችላል። ብርድ ነው። 20 ዲግሪ በሆነ ቤት ውስጥ 14 የሞላችሁት ጎማ ውጪው 0 ዲግሪ ሲሆን ወደ 12 ይወርዳል። ቨርጂኒያ ጥር ላይ ይሄ በየሳምንቱ ይገጥመኛል። መላው ቀላል ነው፦ ሳይክሉን ውጪ ሩብ ሰዓት አቁማችሁ ከዚያ ለኩ።

አዲስ አበባና እንጦጦ ላይስ? ከፍታው ለውጥ አለው?

አለው፣ ይሄንን ጥያቄ ደግሞ እወደዋለሁ። መለኪያ የሚያሳየው የጎማው ውስጥ አየር ከውጪው አየር ስንት እንደሚበልጥ ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የውጪው አየር ይሳሳል፣ ስለዚህ ማንም ሳይነካው የጎማው ቁጥር ይጨምራል። ከባሕር ጠለል አጠገብ 14 የሞላችሁት ጎማ ካላፈሰ አዲስ አበባ፣ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ወደ 17.5 ይጠጋል። ጠባብ ጎማ በ60 ፒኤስአይ ለሚነዳ ሰው 3.5 ምንም አይደለችም። ለእኛ ግን ሩቡ ናት። ከከተማው መሃል እንጦጦ ጫፍ ስትወጡ ደግሞ በዚያ ላይ ወደ 1 ፒኤስአይ ትጨምራላችሁ። ከላይ ለኩና ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ አስተንፍሱት።

እንጦጦ ራሱ ለዚህ ጎማ የተሠራ ይመስለኛል። ባሕር ዛፉ ሥር ያለው ቅጠልና ፍሬ ደረቅ ሲሆን እንደ ዶቃ ያንከባልላል፤ ጠባብ ጎማ እዚያ ላይ ያንሸራትታችኋል፣ ወፍራሙ ግን ተጭኖት ያልፋል። አንድ ነገር ብቻ፦ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶች ቁሙላቸው። ሸክም ይዘው ገለል የሚሉት እነሱ መሆን የለባቸውም።

ጎሚስታ ጋ ማስሞላት እችላለሁ?

ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ ሳይክሌን በካርቶን ይዤ ነበር። ፓምፑን ግን ረስቼ መጣሁ። መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት።

"ስንት ላድርግልህ?" አለኝ።

"አሥራ አምስት።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ወንድሜ፣ አሥራ አምስት እኮ የተነፈሰ ነው። ለዚህ ልታስከፍለኝ ነው እንጂ ልትከፍለኝ አይደለም የመጣኸው።"

አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያም ሆኖ ችግሩ ቫልቩ ሆነ፤ የኔ ፕሬስታ የሚባለው ቀጭኑ ነው፣ የሱ ኮምፕሬሰር አፍ ደግሞ ለመኪና ቫልቭ ነው። እንደ እድል ሆኖ የነሐስ ማስማሚያዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። የጣት ጫፍ የምታህል ነገር ናት፣ ዋጋዋም ከማኪያቶ አይበልጥም፤ ሁለት ገዝታችሁ አንዷን ፍሬሙ ላይ በቴፕ ለጥፏት።

አዎ፣ ጎሚስታ ጋ ይሆናል። ኮምፕሬሰር ሲከፈት ግን ጎማው በሁለት ሰከንድ 40 ሊገባ ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ነካ እያደረገ እንዲሞላ ንገሩት፤ ከዚያ ራሳችሁ ለክታችሁ አስተንፍሱ።

ቲዩብለስ ማድረግ ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፣ ግን የፕላስ ጥቅም ግማሹ እዚያ ነው ያለው። ከመነዳሪ ካለበት ንፋሱን ስትቀንሱ ጎማው ድንጋይና ቸርኬ መሃል ሲጨፈለቅ ከመነዳሪው ሁለት ቦታ ላይ ይበሳል፤ የእባብ ንክሻ ይሉታል። ያንን ፈርታችሁ 22 ትሞላላችሁ። 22 ከሞላችሁ ደግሞ ወፍራም ጎማ መግዛታችሁ ምኑ ላይ ነው?

አሠራሩን ባጭሩ፦ ቸርኬው ላይ ለዚሁ የተሠራውን ቴፕ ትጠቀልላላችሁ፣ ቫልቭ ትሰካላችሁ፣ ጎማውን ታስገባላችሁ፣ ሲላንት የሚባለውን ነጭ ፈሳሽ ከ100 እስከ 120 ሚሊሊትር ትጨምራላችሁ። በተራ ጎማ መጠን 60 ብታደርጉ አይበቃም። ቴፑ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጠርዝ መድረስ አለበት፤ ጠበብ ያለ ቴፕ ጠቅልዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስብኝ ያደረው ጎማ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጎማው አልቀመጥ ካለ ጠርዙን የሳሙና ውሃ ቀቡትና የቫልቩን ልብ አውጥታችሁ ንፉት። ጧ ጧ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አትደንግጡ፤ ቦታውን ያዘ ማለት ነው። በየሁለትና ሦስት ወሩ ቸርኬውን አውጥታችሁ አወዛውዙት። የፈሳሽ ድምፅ ከሌለ ሲላንቱ ደርቋል። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ስለሆነ እዚያ ያላችሁ ቶሎ ቶሎ እዩት።

መንገድ ላይ ጎማው ከተቀደደ ምን አደርጋለሁ?

ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ሲላንቱ ራሱ ይደፍነዋል፤ ነጭ ነገር ሲረጭ ታያላችሁ፣ ከዚያ ይቆማል። ካልቆመ የጎማ ትል የምትባለዋን ተለጣፊ ገመድ ሰክታችሁ ትቀጥላላችሁ።

የፕላስ ደካማ ጎን የጎማው ጎን ነው። አምራቾች ክብደት ለመቀነስ ብለው በተለይ የመጀመሪያዎቹን በስስ ጨርቅ ነበር የሠሯቸው፤ ሹል ድንጋይ እንደ ምላጭ ይሰነጥቃቸዋል። ሁለቱም የተቀደዱብኝ ጎኑ ላይ ነው። ለዚህ ነው አንድ ከመነዳሪ ሁሌ የምይዘው። ቀደዳውን ከውስጥ በጎማ ቁራጭ ወይም በታጠፈ የብር ኖት ደግፋችሁ ከመነዳሪ አስገቡና ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት። የፕላስ ከመነዳሪ ባታገኙ ተራው የ29 ከመነዳሪ ለአንድ ቀን ያገለግላል። ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ግን ያደርሳል።

ክብደቱስ? ዳገት ላይ አያደክምም?

ይከብዳል። አንዱ ፕላስ ጎማ ወደ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ከቆማችሁበት ስትነሱና ኩርባ ጨርሳችሁ ስትፈጥኑ ይሰማችኋል። ለስላሳ አፈር ዳገት ላይም ባለ ጠባብ ጎማ ጓደኛችሁ ጥሏችሁ ይሄዳል። ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን እሱ ወርዶ ሲገፋ እናንተ እየነዳችሁ ታልፉታላችሁ። ውድድር ካላሰባችሁ አትጨነቁበት።

ጭቃ ላይ?

መጥፎ ነው። ብዙ ሰው ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ጥሩ ይመስለዋል፣ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጠባብ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል፣ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፍና እንደ ሳሙና ያንሸራትታችኋል። በዚያ ላይ ፍሬምና ጎማ መሃል የቀረችው ክፍተት ትንሽ ናት።

ሱሉልታ በኩል ነሐሴ ላይ ሞክሬው ነበር። ሞኝነት። ያንን ጥቁር ዋልካ አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሃምሳ ሜትር አልሄድኩም። ጭቃው ጎማው ላይ ተጠቀለለ፣ ፍሬሙ መሃል ገብቶ ተወተፈ፣ ቸርኬው መዞር አቆመ። ሳይክሉን ልገፋ ስል አልገፋም፣ ልሸከም ስል ጭቃው ብቻውን ሌላ ሳይክል ያህላል። እረኛ ልጆች ዱላቸውን ይዘው መጥተው ጭቃውን ሲፍቁልኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከመካከላቸው ትንሹ "ጋሽዬ፣ ለምን በአስፋልቱ አልሄድክም?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አስፋልት ላይ ለሥራ ቦታ መመላለሻስ?

ይሆናል፣ ግን ያጉረመርማል፣ ያዘገማል። ወደ 20 እና 22 ከፍ አድርጉት። ሥራችሁ ሁሉ አስፋልት ከሆነ ሌላ ጎማ ግዙ።

የፊቱን ብቻ ብቀይርስ?

ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ መጥፎ ሐሳብም አይደለም። የፊት ጎማ ከሸሸ ትወድቃላችሁ፤ የኋላው ከሸሸ ግን ብዙውን ጊዜ ትተርፋላችሁ። ስለዚህ ወፍራሙ ከፊት ቢሆን ያስኬዳል። የፊቱ ጎማ ቁመት ከኋላው በጣም እንዳይበልጥ ብቻ ተጠንቀቁ። 29 በ3.0 ከፊት፣ ተራ ጎማ ከኋላ ካደረጋችሁ የሳይክሉ አፍንጫ ቀና ይልና መሪው ይዝላል። 2.6 ከፊት፣ 2.4 ከኋላ ማድረግ የበለጠ ሰላም ነው።

ወገባችሁን የምታስቡ ደግሞ ተቃራኒውን ጠይቃችሁኛል፦ ከኋላ ብቻ ወፍራም። እሱም ይሠራል፤ ሃርድቴይል ሞላ የጎደለው እዚያ አይደል። ፍሬሙ ከተቀበለ ማለቴ ነው።

የትኛውን ጎማ ልግዛ?

ደረቅና ድብልቅ መሬት ላይ ለሚነዳ፣ ማክሲስ ሬኮን 2.8 ወይም ደብሊው ቲ ቢ ሬንጀር። ጥርሳቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ይሮጣሉ። ድንጋይና ቁልቁለት ለሚወድ ከፊት ማክሲስ ሚኒየን ዲ ኤች ኤፍ። ሽዋልቤ ኖቢ ኒክ በመሃል ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጎኑ ጠንከር ያለውን ዓይነት ምረጡ። መቶ ግራም ይጨምራል። ይጨምር።

ፕላስ ጊዜው አልፏል ይባላል፤ እውነት ነው?

በከፊል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አምራቾች ወደ 2.6፣ በኋላም ወደ 29 በ2.4 እና 2.5 እየተመለሱ ነው። ምክንያታቸው ከላይ የነገርኳችሁ ነው፦ ይነጥራል፣ ጎኑ ይቀደዳል፣ ንፋሱን በትክክል መሙላት ያስቸግራል። ፈጣን ነጂዎች አልወደዱትም፤ ፋሽኑን የሚወስኑት ደግሞ እነሱ ናቸው። የጎማ ምርጫውም ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው።

ለእኛ ግን ይሄ ጥሩ ዜና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የተሠሩ ፕላስ ሃርድቴይሎች ያገለገሉ በደህና ዋጋ ይገኛሉ። አብዛኞቹ ቡስት ሀብ ስላላቸው ነገ ከነገ ወዲያ ፕላስ ጎማ ብታጡ 29 ቸርኬና ተራ ጎማ ገጥማችሁ መቀጠል ትችላላችሁ፤ አምራቹ ለዚያ ፍሬም 29 ይፈቅድ እንደሆነ ብቻ አረጋግጡ። ያገለገለ ስትገዙ ቸርኬውን አሽከርክራችሁ ፍሬን ሸራው አጠገብ የሚወዛወዝ ነገር ካለ እዩ፣ የፍሬሙን የውስጥ ዘንግ በጣታችሁ ዳስሱ። ጎማ የፋቀው ቦታ ካለ ሸካራ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ሻጩም ያኔ ዋጋ መቀነስ ይጀምራል።